ከጤነኛው እግር መጀመር

አንዲት ዓረፍተ ነገር አውጪ ተባልኩ። ያለኝ የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ነው። ጥሩ ሰው ነው፣ የተዋጣለት ቀዶ ሐኪምም ነው፤ ክፉ አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጠረጴዛው ላይ የኔ ፋይል ተቀምጧል፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ረዳት ፕሮፌሰር ሆኜ ያስተማርኩት፣ የጻፍኩት፣ የቀደድኩትና የሰፋሁት ሁሉ ተጠርዞ። ፋይሉ ወደ ኮሚቴ ሊሄድ ነው። ኮሚቴው ካጸደቀው ተባባሪ ፕሮፌሰር እሆናለሁ፤ እስከ ጡረታዬ የሚነቀንቀኝ የለም። ካላጸደቀው አንድ ዓመት ይሰጡኝና ዕቃዬን ሰብስቤ እወጣለሁ። መሃል የሚባል ነገር የለውም።

ዓረፍተ ነገሯ ያለችው ስለማስተማር ዘዴዬ በጻፍኩት ገጽ ላይ ነው። በአማርኛ ስመልሳት እንዲህ ትላለች፦ «በሽተኛ መመርመር የተማርኩት ወጌሻ ከነበረው ከአባቴ ነው፤ ጤነኛውን እግር ሳይዳስስ የታመመውን አይነካም ነበር፣ ማነጻጸሪያ የሌለው እጅ ዕውር ነውና።» እንግሊዝኛው ለወጌሻ የሚሆን ቃል አለው፤ ግን ቃሉ ራሱ አጭበርባሪ የሚል ነገር ይሸታል። ኃላፊው ይህንኑ በጨዋ ቋንቋ ነገረኝ። ኮሚቴው ውስጥ የኛን ሙያ የማያውቁ፣ ከሌላ ትምህርት ክፍል የተመረጡ ሰዎች አሉ። የውሻና የድመት አጥንት እየጠገንን ፕሮፌሰር መባላችን ራሱ የሚያስፈግጋቸው ሰዎች ናቸው። በዚያ ላይ ወጌሻ የሚል ሲያነቡ ምን ይላሉ? ከፈለግሽ አባትሽን በሌላ ጊዜ የምስጋና ገጽ ላይ አስገቢው፣ እዚያ ማንንም አይጎዳም አለኝ።

አስብበታለሁ አልኩት። ውሸቴን ነው። ገና ወንበሩ ላይ እያለሁ ልቤ እምቢ ብሎ ጨርሷል።

አባቴ ሰሜን ሸዋ ውስጥ በአንዲት ትንሽ የገበያ ከተማ ወጌሻ ነበር። ከበቅሎ የወደቀ፣ ከጣሪያ የወደቀ፣ ኳስ ሲራገጥ እግሩ የዞረበት ሁሉ እኛ ደጅ ይመጣል። ክንዱ የተሰበረ ሰው ሲመጣ አባቴ መጀመሪያ የሚይዘው ደህናውን ክንድ ነው። ከትከሻው ጀምሮ ቀስ እያለ እስከ ጣቱ ይወርድበታል። ሰውየው «ይሄኛው አይደለም» ይላል። አባቴ «አውቃለሁ» ይላል፣ ግን አይለቀውም። ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

እናቴ ከሞተች በኋላ እኔና እሱ ሎስ አንጀለስ ስንገባ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። እሱ ዳውንታውን ካለ የመኪና ማቆሚያ ሥራ አገኘና ሃያ ዓመት መኪና ሲያስገባና ሲያስወጣ ኖረ። በመጣን በመጀመሪያው ወር አንድ ያገር ሰው፣ እዚህ ያለ ፈቃድ ሰው አሽተህ ብትገኝ ያስሩሃል ብሎ ነገረው። ከዚያ ቀን ወዲህ የማንንም አጥንት ነክቶ አያውቅም። ትምህርት ቤት ወለም ብሎኝ ቁርጭምጭሚቴ አብጦ ስመጣ እንኳ ሐኪም ቤት ሂጂ ብሎ እጁን ኪሱ ከተተ። የዚያ ቀን ንዴቴ እስከ ዛሬ አልበረደልኝም። የተናደድኩት በሱ አይደለም።

እኔ ሐኪም እሆናለሁ ስል ደስታውን አልቻለውም። ሐበሻው ለሚሰበሰብበት ለፌርፋክስ ሰው ሁሉ አውጆ ከጨረሰ በኋላ ነው የእንስሳት ሐኪም ማለቴ መሆኑን የሰማው። በሬ ቢሆን ይገባኛል አለ፣ በሬ ያርሳል። በቅሎም ይገባኛል። ውሻ ግን? እኛ ዘንድ ውሻ በር ይጠብቃል እንጂ ቤት አይገባም፤ እንኳን ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ሊቆምለት። ተከራክረን ተከራክረን ሲደክመው መላ አገኘ። ለሚጠይቁት ሁሉ «ልጄ የአጥንት ሐኪም ናት» ይልና አፉን ይዘጋል። የማን አጥንት እንደሆነ አይናገርም። ረዳት ፕሮፌሰር ስሆንም ረዳቱን አስቀርቶ የአጥንት ፕሮፌሰር አደረገኝ። እኔም ዓመታት ሙሉ ዝም አልኩ፤ ይህ ያሳፍረኛል።

ዝም የምል ሰው ሆኜ አይደለም። ለአጥንት ቀዶ ጥገና ሥልጠና ሁለት ጊዜ አመልክቼ ሁለት ጊዜ መልሰውኛል፤ በሦስተኛው ያስገቡኝ ሰልችቻቸው ይመስለኛል። ቃለ መጠይቁ ላይ አንዱ ትልልቅ ውሾች ማንሳት ትችያለሽ ወይ ሲለኝ አንተን ላንሳህ ብዬዋለሁ። እንዲህ ያለች ሰው ነኝ። ፌርፋክስ ላይ ግን፣ አባቴ አጠገብ፣ ምላሴ ይታሰራል።

የአባቴ እጅ ወደ ሥራዬ የገባው በጥፋት በኩል ነው። በሥልጠናው ሁለተኛ ዓመት አንድ ትልቅ ጀርመን ሼፐርድ መጣ፤ የኋላ ቀኝ እግሩን ያነክሳል። ከውሻው በፊት ያየሁት ራጁን ነው። የቀኝ ዳሌው መገጣጠሚያ እንዳይሆን ሆኗል፤ የአጥንቱ ራስ ከጎድጓዳው ወጥቷል፣ ጠርዙ ሁሉ ሻክሯል። እንዲህ ያለ ራጅ ያየ ሰው ሌላ ነገር አይፈልግም፤ እኔም አልፈለግኩም። የአጥንቱን ራስ ቆርጬ አወጣሁ። ቀዶ ጥገናው አማረልኝ፣ ተመሰገንኩም። ከሁለት ወር በኋላ ውሻው አሁንም ያነክሳል። ያን ጊዜ ጉልበቱን ያዝኩት። የታችኛው አጥንት እጄ ውስጥ እንደ ጠረጴዛ መሳቢያ ወደፊት ተንሸራተተ። ጉልበቱ ውስጥ ያለው ጅማት ተበጥሷል፤ ችግሩ መጀመሪያውኑም እሱ ነበር። ሮጬ ራጁን መልሼ ሳየው የግራው ዳሌም እንደ ቀኙ የተበላሸ ነው። እዚያው ፊልም ላይ፣ ዓይኔ ሥር ነበር። ውሻው ግን በግራው አንክሶ አያውቅም።

ጉልበቱን አስተካከልኩለት፣ ዳነ። ባለቤቱም ይቅር አለችኝ። እኔ ግን ጤነኛ እግር ባለመንካቴ ያለምክንያት የቆረጥኩትን አጥንት አልረሳሁትም።

ከዚያ ወዲህ እኔ ባለሁበት ክፍል ራጅ አይቀድምም። ተማሪዎቼ ስክሪኑን ያጠፋሉ፣ ውሻው ሲራመድ ያያሉ፣ ከዚያ ከጤነኛው እግር ይጀምራሉ። ያጉረመርማሉ። በዓመቱ መጨረሻ በሚሞሉት ወረቀት ላይ ጊዜ ታባክናለች፣ እዚህ የመጣነው ዘመናዊ ሕክምና ለመማር ነው ብለው ይጽፋሉ። ኃላፊው እነዚህንም አንብቦልኛል። ያጉረምርሙ። ተመርቀው በሄዱ በሁለተኛ ሦስተኛ ዓመታቸው «እጄ አዳነኝ» ብለው የሚጽፉልኝ እነዚያው ናቸው።

ከኃላፊው ጋር በተነጋገርንበት ሳምንት እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አባቴን ይዤ ፌርፋክስ ምሳ ልንበላ ሄድን። ያቆምኩትን መኪና ሁለት ጊዜ አስወጥቶ አስገባኝ፤ ጎማው ከጠርዙ ራቀ ብሎ። ጡረታ ቢወጣም ሥራው አልለቀቀውም። ምግብ ቤቱ ውስጥ የድሮ ጓደኛው አገኘንና አብረን ተቀመጥን። ታክሲ ሲነዱ የኖሩ፣ ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ትሪ ቀረበልን።

ጥቂት እንደበላን ሽማግሌው ወደኔ ዞሩ። «አባትሽ የአጥንት ፕሮፌሰር ናት ይለኛል። ሶ፣ ይቺን ጉልበቴን ብታይልኝስ? ኤምአርአይ አድርገው ሰርጀሪ ነው ይሉኛል» አሉና ሱሪያቸውን ሰብሰብ ማድረግ ጀመሩ።

አባቴ ወደ ትሪው አቀረቀረ። እንደ ሁልጊዜው ነገሩን በሳቅ አልፌ ወደ ሌላ ወሬ መሄድ እችል ነበር። ግን የዚያ ሳምንት ነገር ደሜን አፍልቶታል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ቦታ ግማሼን አልደብቅም።

«ጋሼ፣ እኔ የውሻና የድመት ሐኪም ነኝ» አልኳቸው። «የርስዎን ጉልበት ብነካ ያስሩኛል።»

ጠቅልለው ወደ አፋቸው ሊወስዱት የነበረው ጉርሻ ትሪው አጠገብ ቆመ። አልጣሉትም፣ አልበሉትምም። ጥቂት ቆይተው ጫፍ ላይ አስቀመጡት፣ ጣታቸውን በሶፍት ጠረጉ፣ ጠገብኩ አሉ። ገና ሦስት ጊዜ አልጎረሱም። ይህ እጄ በቀን ስንቴ እንደሚታጠብና እንዴት እንደሚታጠብ ልነግራቸው አማረኝ፤ ዕድሜ ልካቸውን ከያዙት የመኪና መሪ ስንት እጥፍ እንደሚጸዳ። አልነገርኳቸውም። መብላቴን ግን አላቆምኩም። በሳቸው በኩል የነበረውን ጥብስ ወደኔ ጎተት አድርጌ በላሁት። ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ደስ እያለኝ ነው የበላሁት።

ወደ ቤቱ፣ ከኤርፖርቱ አጠገብ ወዳለው ሃውቶርን ስንመለስ አባቴ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። ከዚያ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አለኝ። የሰውየውን ምሳ አበላሸሁ፤ ማን ጠየቀኝ? ቢቀር ምን ነበረበት?

እኔም የያዝኩትን ሁሉ ዘረገፍኩት። አንተ ውሾቼን ትደብቃለህ፣ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ አንተን ደብቂ ይለኛል፤ ሁላችሁም ቆርጣችሁ ቆርጣችሁ ምኔን ልትተዉልኝ ነው አልኩት። እሱ በፋይሌ ውስጥ መኖሩን አያውቅም ነበር። ደጃፉ ደርሰን ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላ ሁሉንም ነገርኩት፤ ዓረፍተ ነገሯን፣ ኮሚቴውን፣ ካላለፍኩ አንድ ዓመት ብቻ እንደሚቀረኝ። አውሮፕላን በላያችን ዝቅ ብሎ እስኪያልፍ ጠበቀ።

«አውጪው» አለ። «እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሰው ነኝ። በኔ ምክንያት እንጀራሽ አይቆረጥ።»

አላወጣም አልኩት። የፈለግከውን ያህል ብትቀየመኝም አላወጣም። እሱም እኔም ቀበቷችንን ሳንፈታ ተፋጠን ተቀመጥን። ኋላ ላይ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ ጽሑፉ ራሱ ምን እንደሚል ጠየቀኝ። ቃል በቃል ተረጎምኩለት። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማኝና ልክ አይደለም አለ። መጻፉን የጠላ መስሎኝ ልቆጣ ስል ቀጠለ።

«ለማነጻጸርማ አይደለም። የተሰበረ አጥንት ስትነኪው ራሱ ይናገራል። ደህናውን የምይዘው ሰውየው እጄን እንዲያየው ነው። የታመመ ሰው ፈርቶ ነው የሚመጣው፤ የፈራ ሰው ሥጋውን ይገትራል፤ የተገተረ ሥጋ ደግሞ ይዋሻል። ደህናውን ስይዝለት እጄ እንደማያሳምም ያያል። ከዚያ የታመመውን እሱ ራሱ ይሰጠኛል።»

 ቀበቶውን ፈታ፣ በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን አወጣና ዞሮ አየኝ።

«ውሻስ ቢሆን አይፈራም?»

በሕይወቱ ስለ ውሻ እንዲህ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። እኔ ግን ያን ሰዓት በሱ ለመደሰት ጊዜ አልነበረኝም፤ የገዛ እጄን እያየሁ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን ጤነኛውን እግር አስነካቸዋለሁ፤ ቶሎ ነክተው፣ ልኩን ይዘው፣ ወደ ታመመው እንዲያልፉ። ያ የጉልበት ጅማት ሲበጠስ አጥንቱ የሚንሸራተተው ውሻው ጡንቻውን ሲለቅ ብቻ ነው። የፈራ ውሻ ጭኑን ገትሮ ጉልበቱን ያስረዋል፤ ደህና መስሎ ይታያል። ይህን ከመጽሐፍ አውቀዋለሁ፤ ስለዚህም እንዲህ ያለውን ውሻ በመርፌ እናረጋጋ ነበር። አባቴ መርፌ ሳይኖረው ያደርገው የነበረውን አይቼ፣ አይቼ፣ በራሴ ምክንያት ተርጉሜ አስተማርኩት። ልጁ ሆኜ አልጠየቅኩትም። ያደግኩበት ነገር ስለሆነ የማውቀው መሰለኝ።

ማክሰኞ ክፍል ገባሁና ተማሪዎቼን ሕጉ ተቀይሯል አልኳቸው። ጤነኛውን እግር ያዙ፣ ምንም አትፈልጉ፣ ውሻው ክብደቱን እጃችሁ ላይ እስኪጥል አትልቀቁ። ተያዩ፤ ይቺ ሴትዮ ባሰባት የሚል መተያየት ነበር። የዚያን ቀን አንዲት ነጭ ትንሽ ውሻ መጥታ ነበር፤ ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ ተመርምራ ጉልበቷ ደህና ነው ተብላ የተመለሰች። ከተማሪዎቹ በጣም የምታጉረመርመዋ ደህናውን እግር ይዛ ቆየች፤ ምን ያህል እንደቆየች አላውቅም፣ እኔም ትዕግሥቴ ሊያልቅ ነበር። ውሻዋ በረጅሙ ተነፈሰችና አገጯን የልጅቷ ክንድ ላይ ጣለች። ልጅቷ ወደ ታመመው ጉልበት ስታልፍ አጥንቱ ተንሸራተተ። ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ ጎበዝ፣ አሁን ራጁን አብሪው ብቻ ነው ያልኩት።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ዓረፍተ ነገሯን አውጥቼ ሳይሆን ጨምሬባት ወደ ኃላፊው ሄድኩ። አዲሷ እንዲህ ትላለች፦ «ምክንያቱን ግን ስድስት ዓመት በስህተት አስተምሬአለሁ፤ ጤነኛው እግር የሚዳሰሰው ለማነጻጸር ብቻ ሳይሆን በሽተኛው የሚነካውን እጅ እንዲያምን ነው፣ ይህንንም ያረመኝ አባቴ ነው።»

ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። አንድ አውጪ አልኩሽ፣ ሁለት አድርገሽ መጣሽ አለኝ። ለዕድገት የሚወዳደር ሰው ፋይሉ ላይ ተሳስቼ ነበር ብሎ ሲጽፍ አይቶም ሰምቶም አያውቅም። ለኮሚቴው ያጠፋሽውን በራስሽ እጅ ጽፈሽ ሰጠሽው፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? እኔም ተሳስቼ ከሆነ ተሳስቻለሁ፣ አባቴ ካስተማረኝ አስተምሮኛል፤ በሌላ ሰው ታሪክ የማልፍ ከሆነ ያለፈው ያ ሌላ ሰው ነው አልኩት። የራስሽ ጉዳይ ነው ብሎ ፈረመበት።

አዲሷን ዓረፍተ ነገር ለአባቴም ተርጉሜ ነገርኩት፤ መልስ እስኪመጣ ወራት አለፉ። እንቅልፍ አልነሳኝም ብል እዋሻለሁ።  ሆኖም አንድም ቀን ባወጣኋት ኖሮ አላልኩም።

በዚያው መሃል አንድ እሑድ ፌርፋክስ ላይ፣ እዚያው ምግብ ቤት፣ ሽማግሌው መጡ። ሲያዩኝ ጥቂት አመነቱ። አባቴ ወንበር ሳበላቸው። ትሪው ቀረበ፤ እኔ ቆርሼ ጎረስኩ፣ እሳቸው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

አባቴ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ልጄ የውሻ ሐኪም ናት» አላቸው። «አጥንት የምትይዘው እኔ በያዝኩበት አያያዝ ነው። የሷን እጅ የናቀ የኔን ነው የናቀው። ብላ፣ አለዚያ ተነስ።»

ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉት ሁለት ወጣቶች ዞረው አዩን። ፊቴ ጋለ፤ ኩራት ነበር፣ ማልቀስም አምሮኝ ነበር። ሽማግሌው አባቴን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ እጃቸውን ሰደው ቆረሱ። ትሪው ባዶ እስኪሆን በላን። ሊነሱ ሲሉ ጉልበታቸውን ጨብጠው መልሰው ተቀመጡ፤ ሰርጀሪውን ፈርተው እንዳዘገዩት ነገሩን። አባቴ ወንበሩን አስጠጋ። ሎስ አንጀለስ ከገባንበት ከዚያ የመጀመሪያ ወር ወዲህ ሰው ነክቶ የማያውቀው ሰውዬ እጁን ዘርግቶ የጓደኛውን ጉልበት ያዘ።

«ኧረ ይሄኛው አይደለም» አሉ ሽማግሌው።

«አውቃለሁ» አለ አባቴ።

አልለቀቀውም። በኋላ የታመመውንም ዳሰሰውና፣ እኔ አላክምህም፣ ሐኪሞቹ ያሉህን አድርግ፣ ግን የምትፈራው ያህል አይደለም አላቸው። ከወር በኋላ ሽማግሌው ቀዶ ጥገናውን አደረጉ።

የኮሚቴው ደብዳቤ የመጣው በጸደይ ነው። አልፌአለሁ። ድምፁ የተከፋፈለ እንደነበር ኃላፊው በኋላ ሹክ ብሎኛል፤ የተከፋፈሉትም በነዚያ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ምክንያት ነው። መኪናዬ ውስጥ ሆኜ አባቴ ጋ ደወልኩ። ተባባሪ ፕሮፌሰር ሆንኩ፣ እስከ ጡረታዬ የሚያስወጣኝ የለም አልኩት። እልል ይላል ብዬ ስጠብቅ ጥያቄ ጠየቀኝ።

«ያ ስለኔ የጻፍሽው ነገር ውስጡ አለ?»

«አለ።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም፣ አባባ።»

«እንግዲያው ፈተናውን ያለፉት ኮሚቴዎቹ ናቸው» አለ።